የአባባ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የጀርባህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሣ «ውይ ወገቤ» እያልክ ቤቱን ታስቃለህ? ባለቤትህስ ደኅና ናት? አዲሱ ሥራዋ ተስማማት? ትልቋ ልጅህ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? ትንሹስ ጥርስ አበቀለ ወይስ ገና በድዱ ይስቃል? እኔ በጣም ደኅና ነኝ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ከነበርኩት በእጅጉ ደኅና ነኝ። አባባም ደኅና ናቸው። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እንደ ሰላምታ ቆጥረህ አትለፋት፤ ተመለስና አንብባት። አባባ ደኅና ናቸው።

በስልክ መንገር እየቻልሽ ለምን ወረቀት ታበላሻለሽ እንዳትለኝ። እዚህ የስልክ መስመር የሚገኘው በጎረቤታችን በጋሽ ቴምብር ግቢ ውስጥ፣ ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ካልክ ይቋረጣል። ጋሽ ቴምብርን ደግሞ መቼም ስሙን ያወጣህላቸው አንተው ነህና ታውቃቸዋለህ። ፖስተኛ በነበሩበት ዘመን ደብዳቤ ሊያደርሱ ገብተው እዚያው ተለጥፈው እንደሚቀሩት ሁሉ፣ ዛሬም ጡረታ ወጥተው ሰው ስልክ ሊያናግር በቆመ ቁጥር የውኃ ማጠጫቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። አበባ ያጠጣሉ። ዝናብ እየዘነበም ያጠጣሉ። ጆሯቸው ከድሮው ስለ ደከመ ወሬው እንዳያመልጣቸው እየቀረቡ፣ እየቀረቡ ይመጡና በመጨረሻ የሚያጠጡት የእኔን ጫማ ነው። የምነግርህን ነገር ደግሞ ከሰው ሁሉ እሳቸው መስማት የለባቸውም።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ባለፈው ወር ጋሽ ቴምብር ደውለው የነገሩህን አንተም እኔም በቃላችን ይዘነዋል። አባባ ጫካ ገብተው ሲዞሩ ይውላሉ፤ አንዱን ዛፍ ሦስት ጊዜ ያልፉታል። ብቻቸውን፣ ያውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወራሉ። የጠወለገ እንጉዳይ በሳህን እያደረጉ መስኮት ላይ ይደረድራሉ። «ልጆቻቸው ናችሁና ሳይብስ ድረሱላቸው» ብለው ዘጉ። አንተ ወዲያው ለእኔ ደወልክ፤ ተላቀስን፤ እዚያው ስልክ ላይ እንዳለን ወሰንን። አንተ የኋላውን ክፍል ልታስለቅቅና ቀለም ልታስቀባ፣ እኔ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ልብሳቸውን ሸክፌ፣ ቤቱን ዘግቼ አንተ ዘንድ ላደርሳቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ያን ዕለት ሁለታችንም ረሳነው። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ቶሎ የተስማማሁት ፈርቼ ብቻ አይደለም። እማዬ ካረፈች ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ደጅ አልረገጥኩትም፤ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ። አባባ አንተ ዘንድ ከገቡ ጸጸቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር።

የመጣሁት ከትከሻ ቦርሳዬ ሌላ አንድ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዤ ነው። አባባ አውቶቡሱ ከሚያቆምበት ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። ያው አሮጌ ካፖርታቸው፣ ያው ቅርጫት ክንዳቸው ላይ። ሳሙኝ፤ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ከሳሽ አሉኝ። ሻንጣውን ሊይዙልኝ ብድግ ሲያደርጉት ከጠበቁት በላይ ቀለላቸው። ባዶ ሻንጣ ይዘሽ የመጣሽው ምን ልትወስጂበት ነው ብለው ጠየቁኝ። እንጆሪ ልሞላበት አልኩ። አባባ ባዶውን ሻንጣ እንደ ከባድ ነገር በሁለት እጃቸው አቅፈው ከፊቴ ሄዱ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የእማዬ የዝናብ ካፖርት ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አንተ በሰንጢ መርከብ የቀረጽክበትና የተገረፍክበት የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛም አለ፤ ይህን የምጽፈው መርከቧ ላይ ተደግፌ ነው። ወለሉ ተጠርጓል፣ ድስቱ ተፈግፍጓል፣ ማገዶው በልኩ ተቆርጦ ተደርድሯል። ልቤ ትንሽ ረጋ ሲል ግን ዓይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ። ሦስት ሳህኖች። በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ የጠወለገ እንጉዳይ፣ ከሥራቸው ደግሞ ቁራጭ ወረቀት፦ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። አባባ እንጨት ሊያመጡ ወጣ ሲሉ የዓርቡን አንሥቼ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ሲመለሱ ያን ያህል ይፈልጉታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የዓርቡን የት አደረግሽው ብለው ቆሻሻውን በእጃቸው በተኑት፤ አግኝተውት፣ አፈሩን አራግፈው፣ ወደ ቦታው መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ምንም አልተቆጡም። እኔ ግን በቃ፣ አባቴን አጣሁት ብዬ ደመደምኩ።

ሥራዬን ታውቃለህ፤ መነጽር ቤት ውስጥ ተቀምጬ መስተዋት ስሞርድ ስምንት ዓመቴ ነው። የማውቀው እሱን ነውና ከሥራ ቦታ የተዋስኩትን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ በማግስቱ በሩ ላይ ሰቀልኩት። የቀኝ ዓይናቸው እስከ ስድስተኛው ረድፍ ድረስ አነበበ፤ የእኔ ራሱ ከዚያ አያልፍም። ግራው ግን ጭጋግ ገብቶበታል፤ ከላይኛዋ ትልቅ ፊደል በቀር አያይም። በቃላቸው ይዘውት እንዳይሆን ሰሌዳውን ገልብጬ ስሰቅለው፣ አሁን ደግሞ ፊደሎቹ ራሳቸውን ስተው ወደቁ ብለው ቀለዱብኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በአንድ ዓይኑ የሚያይ ሰው መልካሙን እንጉዳይ ከመርዘኛው እንዴት ይለያል እያልኩ ነበር የማስበው። ምሳ ላይ በቅቤና በሽንኩርት የጠበሱትን ሲያቀርቡልኝም አሞኛል ብዬ ዳቦ በሻይ በላሁ። ሽታው ሲያውደኝ የዋለውን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሰዓት በኋላ አብሬያቸው ጫካ ገባሁ። ልጠብቃቸው ነበር የገባሁት፤ ነገር ግን ወንድም ጋሼ፣ እንዴት እንደማስረዳህ አላውቅም፣ ገና ከመጀመሪያዎቹ ዛፎች ሥር እንደገባን አንድ ነገር ከትከሻዬ ላይ ወረደ። ስምንት ዓመት ዓይኔ ከክንድ በላይ የሚርቅ ነገር አይቶ አያውቅም። እዚያ ግን ብርሃኑ በቅርንጫፎቹ መካከል ቁልቁል ይወርዳል፤ ከእግር በታች ያለው ቅጠል እርጥብ ነው፣ ይለሰልሳል፣ ከዝናብ በኋላ ያለውን ያን የአፈር ሽታ ይሸታል። ቅርጫቴን ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል ለሰዓት ያህል አንድም አላገኘሁም። አባባ ሳይጎነበሱ የሞሉት እስኪመስል ቅርጫታቸው ግማሽ ደርሷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉና ጉቶ ላይ እንድቀመጥ፣ መፈለጌንም እንድተው አዘዙኝ። ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ከጫማዬ አጠገብ አንዲት ቢጫ እንጉዳይ አፏን እንደ መለከት ከፍታ ቆማለች። ከአጠገቧ ሌላ። ከዚያ ወዲያ አምስት። በዕድሜዬ እንደዚያ የጮህኩበትን ቀን አላስታውስም።

አባባ እንዴት እንደሚለቅሙ ብታይ። በመጀመሪያ ቆመው ያያሉ፤ ያን ጊዜ የሚሠራው ቀኝ ዓይናቸው ነው። ከዚያ ተንበርክከው በአውራ ጣታቸው ከእንጉዳዩ ባርኔጣ ሥር ዳሰስ ያደርጋሉ፣ ያሸታሉ፣ እግሩን በሰንጢ ቆርጠው ውስጡን እንደገና ያያሉ። ከሁለት ዓይነት በቀር አይነኩም፤ ቢጫዋንና ያን ባለ ወፍራም እግር፣ ባለ ቡናማ ባርኔጣውን። አንዲት ቆንጆ ነጭ አግኝቼ ባሳያቸው እንኳን ሊያሸቷት አልጠጋ አሉ። ሁለቱን አውቃለሁ፣ የቀረውን ለሚያውቀው ትቻለሁ አሉኝ። ይህ የተዛባ አእምሮ ንግግር እንዳልሆነ ያን ጊዜም ገብቶኛል፤ ግን ፍርሃት አንዴ ከገባ ምን ያደርጉታል?

ምክንያቱም ጋሽ ቴምብር ያሉት ዙረት እውነት ነበር። በመብረቅ የተሰነጠቀውን ያን ግንድ ታስታውሰዋለህ? ሦስት ጊዜ አለፍነው። ሦስት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። ወንዙን በድንጋዮቹ ላይ ተሻገርን፣ ተመለስን፣ እንደገና ተሻገርን። ደግሞም ያወራሉ፤ ከእኔ ጋር አይደለም፣ ለጫካው ነው የሚያወሩት። «አሁን እንግዲህ ወደ ግራ መታጠፋችን ነው» ይላሉ ጮክ ብለው። «እዚህ ጋ ጭቃ አለ፣ በድንጋዩ በኩል ነው የሚሻለው» ይላሉ፣ እኔ ጭቃውን ካለፍኩ በኋላ። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጀርባ ዞር ብዬ አለቀስኩ፤ እንባዬንም እንጆሪ ስለቅምበት በዋልኩት እጄ ጠረግሁት። ብቅ ስል አባባ ፊቴን አዩ። ጉንጬ፣ አፍንጫዬ፣ አገጬ ሁሉ ወይን ጠጅ ሆኗል። ደግሞ ሳታካፍዪኝ ብቻሽን በላሽ ብለው ታዘቡኝ።

በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ለዓይንዎ ነው ብዬ ነበር፤ ለሐኪሟ ግን ቀድሜ ገብቼ ሁሉን ነገርኳት። ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ። ቀኑን፣ ወሩን፣ የቤተሰቡን ሁሉ ስም ጠየቀቻቸው፤ ያንተን ልጆች የልደት ቀን ሳይቀር ነገሯት፤ እኔ የማላውቀውን። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ አለቻቸው። ሰባ ሁለት ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው የቀረውን አንቺ ቀጥዪ፣ ተራ በተራ ነው አሉ። የቤቱ አባወራ ማን ነው ብትላቸው፣ ድሮ ባለቤቴ ነበረች፣ አሁን ድመቷ ናት አሏት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ሳቀች። እኔ ግን አልተዋጠልኝምና ሳህኖቹንስ ብዬ ጣልቃ ገባሁ። የእኔን የዓርብ እንጉዳይ ታሪክ ሰምታ ስትጨርስ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ይህን ያስተማርናቸው እኛ ነን አለችኝ። እንጉዳይ የሚለቅም ሰው ከሚበላው አንዱን ሳይበስል ለይቶ፣ ቀኑን ጽፎ ማስቀመጥ አለበት፤ ድንገት ቢያመው የበላው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ይረዳናል። ከዚህ አካባቢ ሰው ምክሩን ሰምቶ የሚያደርገው አባትሽ ብቻ ናቸው አለች። እኔ የአባባን ጤነኛ አእምሮ ማስረጃ ነው ቆሻሻ ውስጥ የጣልኩት። ያን ቀን ማታ የጠበሱትን ከነድስቱ በላሁት።

እንግዲህ ሳህኖቹ ተፈቱ። ዙረቱና ወሬው ቀሩ። ሐኪሟም ብትሆን አእምሯቸው ከእኔና ካንቺ ይሻላል፣ ጫካ ውስጥ የሚያደርጉትን ግን እኔ አላየሁም ነው ያለችኝ። ስለዚህ ሻንጣዬን አልጋው ሥር እንዳለ ትቼ በየቀኑ አብሬያቸው ወጣሁ። ልጠብቃቸው ነው የምወጣው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር እንጂ፣ እውነቱ ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ቦቲ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ የምጠብቃቸው እኔ ነበርኩ። ጦስኝ ለቅሜ ሻይ አፈላሁበት። እንጆሪውን ቀቅዬ ሰባት ጠርሙስ ማርማላታ ሠራሁ፤ ሁለቱ አርረዋል፣ እነሱን ለአንተ ልኬልሃለሁ።

በስድስተኛው ቀን ጭጋግ ወርዶ ነበር። ወንዙን ለሁለተኛ ጊዜ ስንሻገር አባባ በግራ በኩል ያለውን ድንጋይ አላዩትም፤ እግራቸው ተንሸራተተ። እኔ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ነበርኩ፤ ቅርጫቴን ወርውሬ ከመሮጤ በፊት ግን ከማዶ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ሰው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተፈናጥሮ ወጣ፤ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ አባባን በብብታቸው ይዞ አቆማቸው። ጋሽ ቴምብር ናቸው። ባርኔጣቸው ላይ ቅጠል፣ ጢማቸው ላይ የሸረሪት ድር። እኔ አፌን ከፍቼ ስቀር፣ እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው የጠፋች ዶሮ እየፈለጉ እንደ ነበር ነገሩን። ከቤታቸው አንድ ሰዓት መንገድ ርቃ የመጣች ዶሮ! አባባ ደግሞ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ቀለሟ ምን ዓይነት ነው ብለው ጠየቁ። ገብስማ አሉ ጋሽ ቴምብር። ካየን እንነግርሃለን አሉ አባባ። እንደ ሁለት የጨዋ ልጆች ተጨባብጠው ተለያዩ።

ቤት ገብተን፣ እርጥቡን ካልሲ ምድጃው ላይ ሰቅዬ፣ በሉ ይንገሩኝ አልኳቸው። ነገሩ ይህ ነው። እማዬ በሕይወት ሳለች ከሰፈሩ ሁሉ በላይ ቅርጫቷ ሞልቶ ትመጣ እንደ ነበር ታስታውሳለህ። የምትለቅምበትን ቦታ ከአባባ በቀር ለማንም አላሳየችም፤ ለእኛም ቢሆን። ጋሽ ቴምብር ያን ቦታ ለማወቅ ስንት ዘመን ለምነዋታል። እሷ ካረፈችና እሳቸውም ጡረታ ከወጡ ወዲህ አባባን ከኋላ ከኋላ ይከተሏቸዋል፤ አባባም ቦታው እንዳይታወቅ እየዞሩ ዱካቸውን ያጠፋሉ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም! ሊደበቁ የሚዞሩትን ሰው ጠፍተው የሚዞሩ አስመስለው ለአንተ የሚደውሉልህ ደግሞ ያው አሳዳጃቸው ናቸው። ሳቅሁ፤ ሆዴን ይዤ እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አባቴ አልጠፋም፤ ዱካ እያጠፋ ነው። ሳቄ ሲበርድ ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። የሚደበቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል ወይ? ብዬ ጠየቅኳቸው። አባባ ካልሲያቸውን ገለበጡና እሱን ሐሙስ አሉኝ።

ሐሙስ ጋሽ ቴምብር የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ ከተማ ወረዱ። አባባ ቅርጫት እንኳ ሳይዙ ተነሡ። ወሬ የለ፣ ዙረት የለ፤ ከተሰነጠቀው ግንድ በስተቀኝ ቀጥ ብለን ሄደን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። የእማዬን ቦታ አየሁት፣ ወንድም ጋሼ። አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ አሁን ወድቋል። ሥሩ ተገልብጦ ወደ ሰማይ ያያል፤ ግንዱ ደርቆ ቅርፊቱን ጥሏል። ዙሪያውን ፀሐይ ያገኘው እሾህና ሣር ወርሶታል። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ገለጥኩ፤ በእጄ ዳሰስኩ። አንዲትም የለችም። እማዬ በሞተች በዓመቱ አውሎ ነፋስ ጣለው፣ ከዚያ ወዲህ አንድም አልበቀለበት አሉ አባባ። እሳቸው የሚያመጡት በዚያ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ላይ እዚህም እዚያም የሚያገኙትን ነው።

ታዲያ ባዶ ቦታ ለምን ይደበቃል? ለጋሽ ቴምብር ቢያሳዩአቸው፣ እኝህ ሽማግሌ ሰው ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ከመንከራተት አይድኑም ወይ? አልኳቸው። አባባ ግንዱ ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸው ቅርፊት የሌለውን እንጨት ይዳስሳል። ያሉኝን ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ።

«ሚስቱ የሞተች ጊዜ አልጋ ላይ ወድቆ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ከበሩ አልወጣም። ሠላሳ አምስት ዓመት በእግሩ ሲዞር የኖረ ሰው። አንድ ቀን ቅርጫቴን ሞልቼ በመስኮቱ ሥር አለፍኩ፤ በማግስቱ ተነሥቶ ተከተለኝ። ቦታው ባዶ መሆኑን ካወቀ መከተሉን ይተዋል። እኔ ብወድቅ ማን ያነሣኛል? እሱስ ጠዋት ጫማውን ምን ብሎ ያጠልቃል?»

ድምፅዎን ከፍ የሚያደርጉትስ? አልኩ፤ ግን ከአፌ ሳይወጣ መልሱን አውቄው ነበር።

«ጆሮው ደክሟል» አሉኝ። «ካልሰማኝ ይጠፋል።»

ጎናቸው ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብልህ አይግረምህ፤ ይህኛው ግን የእንጆሪ ቀን ልቅሶ ዓይነት አልነበረም። ስንት ቀን ይዤው የዞርኩት ድንጋይ ከደረቴ ላይ ወረደ። እሳቸውም ወደ እኔ ሳያዩ፣ ሻንጣሽ ባዶ ሆኖ የመጣ ዕለት ገብቶኛል አሉ። አልተቆጡም። አንተ ስለምታስቀባው ክፍል ስነግራቸውም፣ ልጆቼ ክፍል አዘጋጅተውልኝ መደሰቴ አልቀረም፣ ለወንድምሽ ንገሪው አሉ። ግን ልትወስጂኝ ወዳሰብሽበት የምሄድ ከሆነ ያንን ሰው ደግሞ የት ትወስጂልኛለሽ? አሉኝ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ አባባ የትም አይሄዱም። ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን። እንከን የለባቸውም አልልህም፤ ግራ ዓይናቸው ጭጋጉ እንዲገፈፍ በሚመጣው ወር ቀጠሮ አስይዤላቸዋለሁ፣ ለእሱም ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። የቦቲ ጫማቸውን ሶል አስቀይሬአለሁ። የሰፈሩ አናጺ ወንዙ ላይ መደገፊያ ያለው ድልድይ ሊሠራ ነው፤ አባባ ድልድይ ለሽማግሌ ነው ብለው ሲያኮርፉ ለጋሽ ቴምብር ነው አልኳቸውና ተስማሙ። የኋላው ክፍል ቀለም አይባክንም፤ ልጆችህን አስተኛበት፣ እኔም ስመጣ አድርበታለሁ። ይልቅ አንተ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘህ ና። ትልቋ ዓይነ ፈጣን ናት፣ ከእኔ ቀድማ ታገኛለች። የእማዬን ቦታ አባባ ራሳቸው ያሳዩሃል፤ መንገዱን በወረቀት ላይ እንዳላሰፍረው ግን ምያለሁ።

ነገ እመለሳለሁ። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ሳወጣው ከበደኝ። አባባ በሌለሁበት ሞልተውታል፤ የደረቀ እንጉዳይ በክር ተሰክቶ፣ የማርማላታው ጠርሙሶች በአሮጌ ሸሚዛቸው ተጠቅልለው፣ ጦስኝ በወረቀት። ከላይ ደግሞ የእማዬን የዝናብ ካፖርት አድርገውበታል። እርጥብ ነው ጫካው፣ ስትመጪ ልበሺው አሉኝ።

ባለቤትህን እህቴን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ከማርማላታው ጋር የላክሁላትን የደረቀ እንጉዳይ ከማብሰሏ በፊት ለግማሽ ሰዓት ሙቅ ውኃ ውስጥ ትንከረው። ትልቋን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ትንሹም በድዱ ይንከሰኝ። አባባ ሁላችሁንም ይመርቃሉ፤ ላንተ ለብቻህ ደግሞ ወገቡን ጠዋት ጠዋት በእግሩ ይሂድበት ብለዋል። ድመቷም፣ አባወራዋ፣ ደኅና ናት።

አንድ አደራ አለብህ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባምና ይህን ሁሉ ለማንም አታውራ። ደብዳቤውን ከተማ ድረስ የሚያደርሱት ጋሽ ቴምብር ራሳቸው ናቸው፤ እኔ በቁሜ እያለሁ ደብዳቤ በሌላ ሰው እጅ አይሄድም ብለው ጫማቸውን አስረው በሩ ላይ ቆመዋል። በዘመናቸው የሰው ፖስታ ከፍተው አያውቁም፤ ቢሆንም ሙጫውን ሁለት ጊዜ ቀብቼዋለሁ። እሑድ እንደ ልማዳቸው ይደውሉልሃል። አባትህ ዛሬም ሲዞሩ ዋሉ ይሉሃል፤ ብቻቸውን እያወሩ ይሉሃል። አደራህን እንዳትስቅ። አመስግናቸውና፣ አባታችንን ከዓይንዎ እንዳይነጥሏቸው፣ ነገም ይከተሉልን በላቸው።

የምትወድህ እኅትህ

ከአባባ ማዕድ ቤት፣ ከመርከቧ ጠረጴዛ ላይ
ጥቅምት 12 ቀን